ስም የሚጠራ ሙሾና ስም የማይጠራ በገና፦ የአቶ ዓለሙ አጋ አልበም ከብቸናና ከሞጣ ለቅሶ አንጻር ሲመረመር

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው አቶ ዓለሙ አጋ የተጫወቱትን የበገና አልበም ነው። የአልበሙ ስም በአማርኛ «የንጉሥ ዳዊት በገና» ማለት ሲሆን፥ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባዘጋጁት «ኢትዮፒክ» በተሰኘው ተከታታይ ውስጥ 11ኛው ቁጥር ሆኖ ወጥቷል። ተከታታዩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። በዓለም ያስታወቀውም በይበልጥ የአዲስ አበባ የባንድ ሙዚቃ ነው፤ 4ኛው ቁጥር የሙላቱ አስታጥቄ፥ 7ኛው ደግሞ የማሕሙድ አሕመድ ነው። ሳክስፎንና ከበሮ በበዛበት በዚህ ሰልፍ መካከል አንድ በገናና ከሹክሹክታ ብዙ ከፍ የማይል አንድ ድምፅ ብቻ የያዘ አልበም መግባቱ ሰሚውን ቆም ብሎ እንዲያስብ ያደርገዋል።

ስለዚህ አልበም እስከ ዛሬ የሚነገረው ብዙውን ጊዜ ምስጋና ነው። መሣሪያው ጥንታዊ ነው፥ ድምፁ ልብን ያረጋጋል፥ ዜማው ጸሎት ነው ይባላል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ሂስ ሊባል የሚገባው ገና ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው። አልበሙ ስለ ሰው ልጅ ሟችነት የሚናገር የግጥምና የዜማ ሥራ እንደ መሆኑ መጠን፥ ስለ ሞት ምን ይናገራል? ምንስ ሳይናገር ይቀራል? ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለዚህ ጥያቄ መመዘኛ የሚሆነንን ከውጭ አገር ከማምጣታችን በፊት፥ ስለ ሞት መግጠም የዕለት ሙያ ሆኖ ከሚኖርበት ከምሥራቅ ጎጃም፥ በተለይም ከብቸናና ከሞጣ ለቅሶ ለመውሰድ ወደናል።

አሳባችንን አስቀድመን በአጭሩ እንግለጥ። ሙሾ የሟቹን ስም ይጠራል፤ ስም ስለሚጠራም ቤተ ዘመዱን ያቅፋል፥ ደግሞም ያዳላል። በገና የማንንም ስም አይጠራም፤ ስለዚህም አያዳላም፥ ነገር ግን ቤተ ዘመድ የለውም። የአቶ ዓለሙ አልበም ታላቅነቱም ጉድለቱም ከዚሁ ከአንዱ ምንጭ የሚቀዳ ነው።

1. ሙሾ በብቸናና በሞጣ

ከደጀን ተነሥቶ በብቸና፥ በደብረ ወርቅና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መንገደኛ የጮቄን ተራራ በስተግራው እያየ ይጓዛል። አገሩ የጤፍ አገር ነው፤ የቅኔም አገር ነው። ከብቸና የማይርቀውን ዲማ ጊዮርጊስን፥ ቦታውን ረግጦት የማያውቅ ሰው እንኳ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ካሳተሙት ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» ያውቀዋል። ይሁን እንጂ በዚህ አገር ቅኔ ቤት ያልገባች፥ ፊደልም ያልቆጠረች ሴት የምትገጥመው ሌላ ግጥም አለ፤ ይኸውም ሙሾ ነው።

ሰው ሞቶ ዘመድ አዝማዱ፥ አምቻ ጋብቻው በተሰበሰበ ጊዜ ለቀስተኛው ክብ ይሠራል። አንዲት ሴት ሙሾ ታወርዳለች፤ የቀሩት ይቀበሏታል። ግጥሙ ሁለት ሁለት ስንኝ እየሆነ ቤት ይመታል፤ ብዙ ጊዜም ስድስት ስድስት ቀለም ሆኖ መካከሉ ላይ የሚሰበረው ወል ቤት ነው። ይህ አሰባበር ለትንፋሽ ያመቻል፤ አልቃሺቱ በስንኙ መካከል ታርፋለች፥ በስንኙ መጨረሻ ግን ተቀባዮቹ ድምፅዋን ከአፏ ይወስዱላታል። እንግዲህ ሙሾ ያለ ተቀባይ ሙሉ ግጥም አይሆንም። ብቻዋን የምታለቅስ ሴት ታንጎራጉራለች እንጂ ሙሾ አወረደች አይባልም።

አልቃሺቱ ሁሉን ነገር በዚያች ሰዓት ከባዶ ትፈጥራለች ማለታችን አይደለም። ከእናቶቿ የሰማችው ብዙ የተለመደ አነጋገር፥ ብዙ የተዘጋጀ ቤት አላት። ጥበቧ ይህን የቆየ ሀብት ከዛሬው ሟች ጋር ማገናኘቱ ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል አራት ልጆች ትታ የሞተች አንዲት ወይዘሮ እናስብ። ባለሙያ አልቃሽ አስቀድማ የሟቿን አባትና አያት ታነሣለች፤ ከማን ወገን እንደ ሆነች ለቀስተኛው ሁሉ ይሰማል። ቀጥላ ወደ ቤቷ ትገባለች፤ ምጣዱን፥ ጋኑን፥ ደጃፉን ትጠራለች፤ ለጊዮርጊስ ዝክር የሚመጣውን እንግዳ ማን እንደሚቀበለው፥ የትንሺቱን ልጅ ጠጕር ማን እንደሚሠራላት ሟቿን ትጠይቃታለች። ከዚህ በኋላ የታላቂቱን ልጅ አንደበት ተውሳ፥ ራስዋን ልጅ አድርጋ፥ እናቷን ጨካኝ ብላ ትወቅሳለች። በመጨረሻም ከሩቅ አገር ለቅሶ የደረሰውን ወንድም በስሙ ትጠራዋለች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ራሱን ገትቶ የቆመው ወንድም በዚህ ጊዜ ይሰበራል። ለቅሶው ደመቀ የሚባለውም በዚህ ጊዜ ነው።

ከዚህ ምሳሌ ሁለት ነገሮችን እናስተውላለን። አንደኛው፥ በሙሾ ውስጥ ሞት የአንድ ሰው ጉዳይ ሆኖ አይታይም። የሞተችው ወይዘሮ የምትገለጠው በተውኋቸው ሰዎችና ዕቃዎች መካከል በከፈተችው ክፍተት ነው። ልጅ፥ ወንድም፥ ጎረቤት፥ ምጣድ፥ ደጃፍ እያሉ መቍጠር የቤተ ዘመዱን ካርታ እንደ መንደፍ ነው። ሁለተኛው፥ ስም መጥራት ጌጥ ሳይሆን መሣሪያ ነው። ስሙ የተጠራ ዘመድ የማልቀስ ተራ ደርሶታል፤ ስሙ ያልተጠራው ደግሞ ኋላ ሊቀየም ይችላል። ስለዚህ አልቃሺቱ ግጥም እየገጠመች ሳለች የዝምድና ሥርዓትን ጭምር ታስከብራለች።

ነገር ግን የሙሾን ጉድለት ሸሽገን ብናልፍ ሂሳችን ሚዛኑን ይስታል። ስም የሚጠራ ጥበብ ማዳላቱ አይቀርም። ባለጠጋ ሲሞት ለቀስተኛው ይበዛል፥ ሙሾው ይረዝማል፤ ወንድ ከሆነም ፉከራው ይጨመርለታል፥ ጠመንጃውና በቅሎው ይወጣለታል። ድኻ ሲሞት ግን ሁሉም ያጥራል። ደግሞም ሕዝቡ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» እንደሚለው፥ ክፉ የነበረው ሰው በሙሾ ውስጥ ደግ፥ ንፉግ የነበረው ቸር ይሆናል። ሙሾ የፍቅር ግጥም እንደ መሆኑ የይሉኝታም ግጥም ነው። ይህን ጉድለት ይዘን ወደ በገናው እንሻገር፤ በገናው ለዚህ ጉድለት መልስ አለውና።

2. በገናው

አቶ ዓለሙ አጋ እ.ኤ.አ. በ1950 እንጦጦ ላይ ተወለዱ። በገና መማር የጀመሩት የ12 ዓመት ልጅ ሳሉ ሲሆን፥ መምህራቸውም በጉርብትና የሚያውቋቸው አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ነበሩ። በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ አጥንተዋል፤ በ1970ዎቹም በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና አስተምረዋል። ሲንቲያ ኪምበርሊን የተባሉት የሙዚቃ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1972 ለዩኔስኮ የድምፅ ስብስብ ቀርጸዋቸዋል። በደርግ ዘመን በገና ከሬዲዮም ከትምህርት ቤትም በራቀበት ጊዜ ሙያውን ይዘው ከቆዩት ጥቂት ሰዎች አንዱ እርሳቸው ናቸው። ስለዚህ በአልበሙ የሚሰማው ድምፅ ለመጥፋት ተቃርቦ ከነበረ ሙያ የተረፈ ድምፅ ነው።

በገና አሥር አውታር አለው፤ አውታሩ ከበግ አንጀት ይሠራል። በእያንዳንዱ አውታርና በብርኩማው መካከል እንዚራ የምትባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። ሰው ሁሉ የሚያውቀው የበገና ንዝረት የሚመጣው ከዚህች ቁራጭ ነው፤ አውታሩ ቆዳዋን እየመታ ስለሚርገበገብ ድምፁ ጥርት ብሎ አይወጣም፥ እንደ ንብ ቀፎ ይነዝራል። በልማድ አሥሩ አውታር የአሥርቱ ትእዛዛት፥ ሁለቱ ቋሚዎች የቅዱስ ሚካኤልና የቅዱስ ገብርኤል ምሳሌ ናቸው ይባላል። ይሁን እንጂ በገና የቅዳሴ መሣሪያ አይደለም። ቦታው የግል ቤት፥ ጊዜውም በይበልጥ የዐቢይ ጾም ነው። ነገሥታትና መኳንንት ሳይቀሩ ለብቻቸው ሆነው ስለ ነፍሳቸው የሚያስቡበት መሣሪያ ሆኖ ኖሯል። አዝማሪ በማሲንቆው ጠጅ ቤትና ሠርግ ሲዞር፥ በገና ደርዳሪ ደጁን ዘግቶ ይቀመጣል።

ይህ ሁሉ በአልበሙ ውስጥ በግልጥ ይሰማል። ድርደራው አጭር ነው፤ ያው ድርደራ ግጥሙ እስኪያልቅ ድረስ ደጋግሞ ይመለሳል። አቶ ዓለሙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሰሚውን ለመያዝ አይጣጣሩም፤ ድምፃቸው ከንዝረቱ ሥር ይገባል እንጂ በላዩ አይቆምም። በሚገባ ያልተጠጋ ሰው ቃሉን አይሰማም። በአልበሙ ውስጥ «አባታችን ሆይ» የሚለው ጸሎት አለ፤ የቀሩትም በንስሐ፥ በዓለም ኃላፊነትና በሰው ከንቱነት ዙሪያ የሚዞሩ ናቸው።

በሞጣ ለቅሶ የሠለጠነ ጆሮ ይህን አልበም ሲሰማ በመጀመሪያ የሚያስተውለው የጎደለውን ነገር ነው። ሟች የለም። ማለትም ሞት አለ፥ መቃብር አለ፥ አፈር አለ፤ ነገር ግን «እገሌ» የሚባል፥ የእገሌ ልጅ፥ የእገሊት ባል የሆነ ሟች የለም። ምጣዱና ደጃፉም የሉም። ተቀባይም የለም፤ ዘማሪው ስንኙን ሲጨርስ የሚመልስለት አውታሩ ብቻ ነው። ለሙሾ ሰው ይህ ባዶ ቤት መስሎ ይታየዋል።

ነገር ግን ጥቂት ሲቆይ ሌላ ነገር ይገባዋል። በሙሾ ውስጥ የሟቹ ቦታ የተያዘ ነው፤ ስሙ የተጠራው ሰው ተኝቶበታል። በበገናው ግን ያ ቦታ ክፍት ነው፥ ክፍት የተተወውም ለሰሚው ነው። በገናን የሚያደምጥ ሰው ለቅሶ የደረሰው ለራሱ ነው። ንዝረቱም ለዚህ ይረዳል፤ ያለ ማቋረጥ እየተመለሰ ጆሮን ከውጭው ዓለም ይዘጋዋል፥ ሰውየውንም ከራሱ ጋር ብቻውን ይተወዋል። ለለቅሶ የተሰበሰበው ሰው በሙሾው መካከል የሚያስበው ስለ ሟቹ ነው፤ በበገናው ፊት የተቀመጠው ሰው ግን ስለ ራሱ ሞት ከማሰብ የሚያመልጥበት ወዴትም የለውም።

እንግዲህ ስም አለመጥራቱ የበገናው ፍትሕ ነው። በበገና ፊት ባለጠጋውና ድኻው እኩል አጭር ናቸው፤ ስሙ ስላልተጠራ የሚረዝምለት ሙሾ፥ የሚወጣለት በቅሎ የለም። የሙሾው ይሉኝታም የለም፤ በገና ሰውን ደግ ነበር ብሎ አይሸኘውም፥ ገና በሕይወት ሳለ ኃጢአቱን ያሳስበዋል እንጂ። ሙሾ ከሞት በኋላ የሚመጣ ምስጋና ሲሆን በገና ከሞት በፊት የሚመጣ ወቀሳ ነው። የአቶ ዓለሙ አልበም በዚህ ረገድ ያለ ነቀፌታ የተሠራ ነው እንላለን። ድምፃቸውን ዝቅ ማድረጋቸው ራሱ ከአሳቡ ጋር የተስማማ ነው፤ ስለ ከንቱነት የሚዘምር ሰው በድምፁ ቢኩራራ ግጥሙን ባስተባበለው ነበርና።

3. ስም መጥራት ፍርድ ስለ መሆኑ

ከዚህ ላይ አንባቢ «እንግዲያው በገናው ከሙሾው በለጠ ማለት ነውን?» ብሎ ይጠይቀን ይሆናል። መልሳችን አይደለም ነው። ምክንያቱን በብቸና አገር ስማቸው ከፍ ብሎ በሚጠራው በደጃዝማች በላይ ዘለቀ እናሳይ።

አባ ኮስትር በላይ ገና ወጣት ሳሉ አባታቸው ዘለቀ ላቀው ተገደሉ። እርሳቸው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዘለቀው የወረራ ዘመን ጣሊያንን በጎጃም ተዋጉ፤ ከነጻነት በኋላ ከመንግሥት ጋር ተጣልተው በጥር 1937 ዓ.ም. ከወንድማቸው ከእጅጉ ዘለቀ ጋር አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ሞቱ። አባት፥ ልጅና ወንድም ሁሉም በሰው እጅ አለፉ። የመንግሥት ፍርድ ቤት ፈረደ፤ ጉዳዩም በመዝገብ ተዘጋ። በሕዝቡ ዘንድ ግን አልተዘጋም። የበላይ ስም በፉከራ፥ በአዝማሪ ግጥምና በእንጉርጉሮ እየተጠራ ኖረ።

ይህ ስም መጥራት ሌላ ፍርድ ነው። የተሰቀለን ሰው በስሙ ጠርቶ ማልቀስ፥ አባቱንና ወንድሙን ጨምሮ ማንሣት፥ የሞተበትን ምክንያት መጠየቅም ነው። በገና ስለ ደጃዝማች በላይ ቢደረደር ኖሮ ምን ይል ነበር? ሰቃዩም ተሰቃዩም አፈር ናቸው፥ የዚህ ዓለም ክብር ያልፋል ይል ነበር። ይህ ቃል እውነት ነው፤ ነገር ግን ከሰቃይና ከተሰቃይ መካከል ሊለይ ለማይወድ ሰው የሚመች እውነት ነው። ሁሉም ሟች ነው ማለት አንዳንድ ጊዜ ማን ማንን ገደለ የሚለውን ጥያቄ ይሸፍናል። ስም የሚጠራው ሙሾ ግን አይሸፍንም። ቀደም ሲል ማዳላት ብለን የነቀፍነው ጠባዩ በዚህ ጊዜ መመስከር ይሆናል።

ስለዚህ በገና ለነፍስ የሚበቃውን ያህል ለሕዝብ ትዝታ አይበቃም። እኩልነቱ የሞት እኩልነት ነው፤ የኑሮን መበላለጥ ይገሥጻል እንጂ አይመዘግብም።

4. ከውጭ አገር አንድ ማነጻጸሪያ

ሦስተኛ መንገድ መኖሩን ለማየት አንድ የውጭ አገር ሥራ ብንመለከት ይጠቅማል። አሜሪካዊው ዘፋኝና ግጥም ደራሲ ሱፍያን ስቲቨንስ እ.ኤ.አ. በ2015 «ካሪ ኤንድ ሎዌል» የተባለ አልበም አወጣ። ካሪ እናቱ፥ ሎዌል እንጀራ አባቱ ናቸው። እናቱ በሕፃንነቱ ትታው የሄደች ሴት ስትሆን፥ የሞተችውም በ2012 ነው። አልበሙ በአብዛኛው በጊታርና በለሰለሰ ድምፅ የተሠራ ነው፤ የድምፁ ዝቅታ የአቶ ዓለሙን ያስታውሳል። ስሙን በመጥራቱ ግን ወደ ሙሾው ይጠጋል፤ እናቱን በስሟ ያነሣታል፥ የልጅነቱንም ክረምት ይቈጥራል፥ የጐደለውንም ፍቅር አይሸሽግም።

ከሙሾ የሚለየው ግን በዚህ ነው። የሞጣዋ አልቃሽ የምታነሣው የሌላ ሰው ሟች ነው፤ ቃሏን የምትሰጠው ለልጆቹና ለወንድሙ ነው፥ እነርሱም ተቀብለው ያለቅሱበታል። ስቲቨንስ የሚያነሣው የራሱን ሟች ነው፤ ቃሉን የሚሰጠው ደግሞ ለማያውቃቸው ሰሚዎች ነው። ሰሚው ያዝንለታል፥ ነገር ግን ካሪን አያውቃትም፤ ተቀባይ ሊሆን አይችልም፥ የሰው ለቅሶ በአጥር ቀዳዳ እንደሚያይ መንገደኛ ይሆናል። በአንጻሩ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» የሚለው ይሉኝታ ስላላሰረው፥ ትታው ስለ ሄደች እናት እውነቱን ለመናገር ችሏል። የእኛ ሙሾ ይህን እውነት በአደባባይ አይደፍረውም።

እንግዲህ ስለ ሞት በሦስት ዓይነት መንገድ ሲነገር አየን። ሙሾ የሌላውን ሟች በስም ጠርቶ ለቤተ ዘመዱ ይናገራል። የአሜሪካው አልበም የራሱን ሟች በስም ጠርቶ ለእንግዳ ይናገራል። በገናው ማንንም ሳይጠራ ለሰሚው ስለ ራሱ ይናገራል። አንዳቸው የሌላቸውን ሥራ ሊሠሩ አይችሉም።

5. ፍርዳችን

የአቶ ዓለሙ አልበም ከዚህ በላይ በተናገርነው መመዘኛ ሲለካ የበገናን ሙያ በሙሉነቱ የያዘ ሥራ ነው። ቤተ ዘመድ የለውም ብለን ያልነው ጉድለት የደርዳሪው አይደለም፤ የሙያው ሕግ ነው። አቶ ዓለሙ የአባትና የእናት ስም ጨምረው ቢዘምሩ በገናን ወደ ሙሾ በለወጡት ነበር።

የአልበሙ የራሱ የሆነ ችግር ግን አለ፤ ይኸውም ከበገናው ቦታና ጊዜ ተለይቶ መውጣቱ ነው። በጾም ወራት፥ በተዘጋ ቤት፥ ቃሉ የሚገባው ሰው በአጠገቡ ተቀምጦ የሚሰማው መሣሪያ፥ በማንኛውም ቀን በማንኛውም አገር የሚከፈት ሆኗል። አማርኛ የማያውቅ ሰሚ የሚደርሰው ንዝረቱ ብቻ ነው። ንዝረቱ ውብ ስለ ሆነ ይደሰትበታል፤ ነገር ግን በገናው ሊወቅሰው መጥቶ ሳለ እርሱ እንቅልፍ ይወስደዋል። እኛም ቃሉን የምናውቀው ከዚህ ፈተና አላመለጥንም፤ ሥራ እየሠራን፥ መኪና እየነዳን በገናን ለመንፈስ ማረጋጊያ ብቻ የምንሰማ ብዙዎች ነን። ይህ ከአልበሙ የመጣ ችግር ቢሆንም አልበሙ ባይኖር ደግሞ ሙያው ራሱ በብዙዎቻችን ዘንድ ባልታወቀ ነበር። ስለዚህ ጉዳቱን ከጥቅሙ ጋር ይዘን እንቀበለዋለን።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ሌላ ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያን ከጥንት ጀምሮ ፊት መንጨትንና ደረት መምታትን ስትነቅፍ ኖራለች፤ ቅዱስ ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች በጻፈው በ1ኛው መልእክት ምዕራፍ 4 በሙታን ስለሚያዝን ክርስቲያን የሰጠው ምክር ለዚህ ይጠቀሳል። ይህ ምክር ሰውነትን ስለሚጎዳ ኀዘን እስከ ሆነ ድረስ የምንከራከረው ነገር የለም። ነገር ግን ዛሬ በከተማ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ በመሣሪያ የተቀዳ መዝሙር ወይም በገና ሲከፈት እንሰማለን፤ የተማረውም ወገን ይህን የጨዋ ለቅሶ፥ ሙሾን ግን የባላገር ጩኸት አድርጎ መቍጠር ጀምሯል። የተቀዳ በገና ሙሾን ተክቶ በገባበት ድንኳን ውስጥ የሚጠፋው ጩኸቱ ብቻ አይደለም። የሟቿ ስም፥ የልጆቿ ተራ፥ ምጣዷና ደጃፏ አብረው ይጠፋሉ። ሁሉም ሟች ነው የሚለው እውነት ይቀራል፤ ይህች ሴት ሞተች የሚለው እውነት ግን ተናጋሪ ያጣል።

ከዚህም ጋር የሚያያዝ የፍርድ ጉድለት በእኛው በተማሪዎች ዘንድ አለ። አንድ ሰው በገና ደርድሮ ሲቀረጽ ስሙ በአልበሙ ሽፋን ይታተማል፥ የሕይወት ታሪኩ ይጻፋል፥ ሥራው በሂስ ይመረመራል። ይህ ተገቢ ነው። የብቸናና የሞጣ አልቃሾች ግጥም ሲሰበሰብ ግን ብዙ ጊዜ «የሕዝብ ግጥም» ተብሎ ያለ ባለቤት ይመዘገባል። የሰውን ሁሉ ስም ስትጠራ የኖረች ሴት የእርሷ ስም በወረቀታችን ላይ አይገኝም። ከላይ እንዳየነው አልቃሺቱ የቆየውን ሀብት ከአዲሱ ሟች ጋር የምታገናኝ፥ የማንን አንደበት መቼ እንደምትዋስ፥ የማንን ስም በመጨረሻ እንደምትጠራ የምትመርጥ ናት። ይህ ምርጫ የደራሲ ሥራ ነው።

ስለዚህ ለትምህርት ጓደኞቻችን የምናቀርበው አሳብ ሁለት ነው። በመጀመሪያ፥ በዕረፍት ጊዜ ወደየአገራችን ስንመለስ የሙሾ ግጥም የምንሰበስብ ሁሉ፥ ቤተ ዘመዱ እስከ ፈቀደ ድረስ፥ ግጥሙን ብቻ ሳይሆን አውራጇን፥ ሟቹን፥ ተቀባዮቹንና የትኛው ዘመድ በየትኛው ስንኝ እንደ ተጠራ አብረን እንመዝግብ፤ አልቃሺቱም ስትፈቅድ በስሟ እንጻፋት። ያለዚህ የተጻፈ ሙሾ ተቀባይ እንደሌለው ሙሾ ጎደሎ ነው። ሁለተኛ፥ የአቶ ዓለሙን አልበም የምንሰማ ሁሉ ለመዝናናት ከመክፈት ይልቅ ለተሠራበት ሥራ እንስማው፤ ይኸውም ለብቻ ተቀምጦ፥ ቃሉን ተከትሎ፥ ክፍት የተተወውን የሟች ቦታ የራስ አድርጎ ነው።

በገናው ስለ ራሳችን ሞት ያስተምረን፤ የወንድማችንን ሞት ግን ስሙን የምትጠራልን አልቃሽ ታስለቅሰን። ሁለቱን ለያይቶ አንዱን የጨዋ፥ ሌላውን የባላገር ማድረግ ሁለቱንም ማጉደል ነው።